ላፕቶፑ እኔ ቤት፣ ቻርጀሩ እሷ ቤት

የልጄ አርባ በወጣ ማግስት ላፕቶፑን ከመደርደሪያው አንስቼ በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ምራቴ አየችኝ። ወደ ጓዳ ገብታ ቻርጀሩን ይዛ ወጣች፣ ገመዱን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። እንዲህ ሆነን ከረምን፤ ላፕቶፑ እኔ ቤት፣ ቻርጀሩ እሷ ቤት። የማሽኑ ባትሪ ከሞተ ስለቆየ ያለ ገመድ ለአፍታም አይበራም። ስለዚህ አንዳችን ያለ ሌላችን ልንከፍተው አንችልም።

ይህን የሚሰማ ሰው ይስቃል። በእኛ አገር ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ መጋዘን ጀንፈል ቡና ሲያስቀምጡ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ የአንዱ ቁልፍ ከአንዱ፣ የሌላው ከሌላው ዘንድ ይሆናል። ና አብረን እንክፈት ሳይባባሉ ማንም አይገባም። ተጠላልተው አይደለም፤ እንዳይጠላሉ ነው። ያደግሁት በዚህ ሥርዓት ነው። በእርጅናዬ ለኮምፒውተርም ይሠራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ልጄ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ታላቋን የወለዳት ገና ጎረምሳ ሳለ ቴፒ ላይ ነው። ከእናቷ ጋር አልተስማሙም፤ ልጅቷ እዚያው ከእናቷ ጋር ቀረች። አሁን ቴፒ ካምፓስ ትማራለች። በበዓል በበዓል አማን ድረስ ትመጣና እኔ ቤት ታድራለች፤ አባቷ ቤት አይደለም። ታናሿ የምራቴ ልጅ ናት፣ ገና ሁለተኛ ክፍል፤ ከእኔ በር እስከ እነሱ በር አንድ አጥርና አንድ ቦይ ብቻ ነው ያለው።

በአርባው ዕለት ሰው ሲበተን ታላቋ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«እምዬ፣ የአባቴ ፎቶ አለሽ?»

«ያ ድንኳን ውስጥ የተሰቀለው አለ።»

«እሱማ የመታወቂያ ነው። የሚስቅበት፣ የሚራመድበት ማለቴ ነው።»

አልነበረኝም። የእሱ ስልክ በሕመሙ ሰሞን ውኃ ገብቶበት ተበላሽቷል። ከዚያ በፊት ያነሳውን ሁሉ ግን ወደ ላፕቶፑ ሲገለብጥ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ላፕቶፑ ደግሞ ሲበራ ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ፓስወርዱን ይዞት ሄዷል። ልጅቷ ከአባቷ ሌላ የምትካፈለው ነገር የላትም። ቤቱ የኪራይ ነው፣ ልብሱን ለዘመድ ሰጥተናል። ድርሻዋ ያ የተዘጋ ማሽን ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ያነሳሁት።

ምራቴም የራሷ ምክንያት ነበራት፤ ሐሰት አልናገርም። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ማመልከቻ የምትጽፍ ሴት ነበረች፤ ያቺ ሴት ወደ ቦንጋ ልትሄድ ነው። ቦታውን ለምራቴ ይዛላታለች። ኮምፒውተር ያስፈልጋታል፣ ልጅ ታሳድጋለች። «ሌላ ሰው ይቀድመኛል» ትላለች፣ እውነቷን ነው።

አንድ ቀን ተስማምተን ሚዛን ወዳለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድን። በአንድ ባጃጅ ተሳፍረን፣ እኔ ላፕቶፑን ታቅፌ፣ እሷ ቻርጀሩን ይዛ። መንገድ ላይ ሁለታችንም ወደ ውጭ ነበር የምናየው። ዝናቡ ከጎን እየገባ ጉልበቴን አረጠበው፤ ላፕቶፑን ግን አላስነካሁትም።

ጠጋኙ አበራው፣ ያቺን የፓስወርድ ቦታ አየና ወደ እኛ ዞረ።

«የሚያውቀው ሰው አለ?»

«የሚያውቀው ሞቷል» አልኩት።

«ነፍስ ይማር። እንግዲያስ ፎርማት ነው እማማ።»

«ፎርማት ማለት ምን ማለት ነው?»

«አጥቦ እንደ አዲስ መጫን።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱማ ይጠፋል።»

«በር አልከፈት ቢልህ ቤቱን ከነሰዉ ታፈርሰዋለህ?»

ሳቀ። «ኧረ እማማ! ይሄ ማሽን ነው እንጂ ቤት አይደለም።»

ምራቴ አልሳቀችም። «ፎርማት ይደረግ» አለችው። «የልጄ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፣ ይበቃኛል።»

«ታላቋ ድርሻዋን ሳታገኝ አይታጠብም» አልኩ።

«ድርሻ፣ ድርሻ! ላፕቶፕ በመጥረቢያ ተፈልጦ ይከፈላል እንዴ እማማ?»

«እኩል የማይከፈል ከሆነ ማንም አይወስደውም።»

ጠጋኙ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ሲያይ ቆየና «እናንተ ስትስማሙ ኑ» ብሎ ገመዱን ነቀለ። ላፕቶፑን ለእኔ፣ ቻርጀሩን ለእሷ መለሰ። እሱም ሳይነገረው ገብቶታል። በዚያው ባጃጅ ተመለስን። እንዲያ ደክሞኝ አያውቅም። ሰው በሞተበት ዓመት መጨቃጨቅ አጥንት ይበላል።

ለታላቋ በስልክ የሆነውን ነገርኳት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደወለች።

«እምዬ፣ ሳይታጠብ የሚታይበት መንገድ አለ። ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም አለ፤ እሱን ሙሉውን ሲዲ ላይ እጽፈዋለሁ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሲዲው እንዲነሳ እናደርገዋለን። ፓስወርድ የሚጠይቀው የራሱ ሲስተም ተኝቶ ይቆያል።»

«ሲተኛ ይጎዳል?»

«አይነካም። ሲዲው የሚሠራው ለብቻው ነው። ስናጠፋው ምንም እንዳልተደረገ ይሆናል።»

«በሌላ በር መግባት ነዋ። ሌብነት አይደለም?»

«የአባቴ ነው እኮ እምዬ።»

«የሚስቱም ነው። ከከፈትሽው እሷ ፊት ትከፍቺዋለሽ። ተደብቆ የሚከፈት ነገር እኔ ቤት የለም።»

«እሺ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር።

ለምን በፍላሽ እንደማታደርገው ጠየቅኋት። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ ከፍላሽ አልነሳም እንደሚል የሚዛኑ ጠጋኝ በስልክ ነግሯታል። ያላትም አንድ ፍላሽ ነው፣ እሱም ለፎቶው ያስፈልጋል። ባዶ ሲዲ ደግሞ ዛሬ የሚሸጥ የለም። ቴፒን ዞራ ዞራ ዱሮ የዘፈን ካሴትና ሲዲ ይሸጥ ከነበረበት ሱቅ አቧራ የለበሰ እሽግ አገኘች።

ቅዳሜ መጣች። ከቴፒ ሸኮ ድረስ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ተሳፋሪው ወርዶ ሚኒባሱን ገፍቷል። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ ነው የደረሰችው። ሳታርፍ ወደ ምራቴ ቤት ሄድን። ምራቴ ቻርጀሩን አመጣች፣ እኔ ላፕቶፑን አስቀመጥኩ፣ ልጅቷ ሲዲውን አስገባች። ማሽኑን እያበራች ከላይ ካሉት ቁልፎች አንዱን ትጠቀጥቃለች። ሲዲው ጮኸ፣ ዞረ፣ ዝም አለ። ያቺው ፓስወርድ የምትጠይቅ ገጽ መጣች።

አጥፍታ ደገመችው። ያው ነው። እንደገና። ያው።

«ይሄ ነው ዩኒቨርሲቲ?» አለች ምራቴ።

ልጅቷ ሲዲውን አውጥታ ብርሃን ላይ አገላበጠችው፤ በኋላም ጠጋኙ ቤት ወስዳ በሌላ ኮምፒውተር አየችው። ስትመለስ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለችና ጥፋቷን ነገረችኝ። ሲስተሙ ከኢንተርኔት የሚወርደው እንደ አንድ ትልቅ ጥቅል ሆኖ ነው። ጥቅሉ ሲዲው ላይ ተፈትቶ መጻፍ ነበረበት፤ እሷ ግን ዘፈን እንደሚገለበጥ ከነጥቅሉ ገልብጣዋለች።

«እሸት ቡናውን ከነጆንያው አልጋ ላይ አስቀምጠሽ ይደርቃል ብለሽ ጠበቅሽ ማለት ነው» አልኳት። አልጋ የምንለው ቡና የምናሰጣበትን ሽቦ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «በትክክል እሱን ነው ያደረግሁት።»

«ጆንያውን ፈትተሽ ነይ እንግዲህ።»

ያን መንገድ ተመልሳ ሄደች። ምራቴ በመሐሉ ሁለቴ ደጄ መጣች። ማመልከቻ ጸሐፊዋ ሻንጣዋን እያሰናዳች ነው አለችኝ። ጉልበቴን ይዤ ተነስቼ ቆምኩና «እስከሚቀጥለው ቅዳሜ» አልኳት። «ከዚያ በኋላ ራሴ ተሸክሜ ጠጋኝ ቤት አደርስልሻለሁ።» ይህንን ስል ልቤ ፈርቶ ነበር። ቃሌን ግን ሰጠሁ፤ ለአንዷ ስል ሌላዋን ማስራብም ፍርድ አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲዲው ሠራ። ብዙ ቆየ እንጂ ሠራ። መጀመሪያ ጥቁር ሆነ፣ ነጫጭ ፊደሎች ከታች ወደ ላይ ሮጡ፣ ሲዲው እንደ ወፍጮ አጓራ፣ ከዚያ የማናውቀው ቀለም ያለው ገጽ ተከፈተ። ፓስወርድ የሚባል ነገር አልጠየቀም። ምራቴ ከበሩ ተነስታ ተጠጋች። ታናሿ በእናቷ ብብት ሥር ገባች።

ልጅቷ ማሽኑ ውስጥ የአባቷ ፎቶዎች ያሉበትን ቦታ ፈልጋ አገኘችው። በታናሿ ስም የተሰየመ ማኅደር ነበር። ከፈተችው። ሞልቶ ፈሰሰ።

ታናሿ ስትወለድ። ታናሿ ክርስትና ስትነሳ። ታናሿ ጥርሷ ሲወልቅ። ታናሿ በአባቷ ትከሻ ላይ፣ በአባቷ ጫማ ውስጥ፣ አባቷ ሲያጥባት፣ አባቷ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ሲያደርሳት። ትንሿ «ይሄ እኔ ነኝ! ይሄም እኔ ነኝ!» ትላለች፤ ልጅ ምን ታድርግ። ታላቋ ወደ ታች እያወረደች ታያለች። ሌላ ማኅደር ከፈተች፣ ሌላም። የራሷን ስም ጻፈችና ማሽኑ እንዲፈልግ አዘዘችው። ምንም አላመጣም። በመጨረሻ አንድ የበዓል ፎቶ ላይ ትከሻዋና ግማሽ ጆሮዋ ተገኘ፤ አንሺው ሌላ ሰው ሲያነሳ ጠርዝ ላይ የገባች ናት።

ምራቴ እንኳ ታናሿን «ዝም በይ» ብላ ያዘቻት።

እኔ ስለ እኩል ድርሻ ስንት ሳምንት ስጮህ ከርሜ፣ የተዘጋው ነገር ሲከፈት እኩል ያልነበረው ከውስጥ ወጣ። ያከፋፈለውም ልጄ ነው። ልሟገትለት አሰብኩ፤ ሥራ ይበዛበት ነበር፣ ቴፒ ሩቅ ነው ልል። አልወጣልኝም። ቴፒ ሩቅ አይደለም። የሞተን ልጅ መውቀስም አልቻልኩም። መቀመጫዬን አስተካከልኩ።

ልጅቷ መምረጥ ጀመረች። አንድ በአንድ እያየች አባቷ ለብቻው ያለበትን ብቻ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ትሰበስባለች። ታናሿ ያለችበትን ታልፋለች። ጥቂት ነበሩ። በልተን፣ ዝናብ መጥቶ፣ ዝናብ ቆሞ ገና እየፈለገች ነበር። ልትጨርስ ስትል ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«መብራት ሄደ!» አለች ትንሿ።

ታላቋ እጇን ከቁልፎቹ ላይ ሳታነሳ ቀረች። «ፍላሹ ላይ አላደረግሁትም ነበር።»

«ጠፋ?» አልኩ ደንግጬ።

«የአባዬ አልጠፋም። እኔ የመረጥኩት ነው የጠፋው። በሲዲ ሲነሳ የሠራሽውን ሁሉ ለጊዜው ነው የሚይዘው፤ ሲጠፋ ይረሳዋል። አውቀው ነበር እኮ። መጨረሻ ላይ አንድ ላይ እገለብጠዋለሁ ብዬ ነው።»

መብራቱ አልመጣም። ላፕቶፑን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ሄድን። እራት ቀምሳ ተኛች። ምን እንደተሰማት አልጠየቅኋት። ሰው ሲደክመው ጥያቄም ሸክም ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኔ ቤት ያለው መስመር መጥቷል፤ ከቦዩ ማዶ ግን ገና ነው። ምራቴን እንዴት ብዬ ልጥራት እያልኩ ሳስብ በሩ ተንኳኳ። ቻርጀሩን በእጇ፣ ልጇን በሌላ እጇ ይዛ ቆማለች።

«እዚህ መጥቷል ሲሉ ሰማሁ» አለች።

«ግቢ።»

ሲዲው እንደገና አጓራ። ታላቋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁን ግን ምንም አታልፍም። ሁሉንም በሙሉ ይዛ ወደ ፍላሹ ትልካለች፤ ታናሿ ያለችበትንም፣ ምራቴ ያለችበትንም፣ ቪዲዮውንም።

ምራቴ ትንሽ ስታይ ቆየችና «ትናንት እሱን ብቻ ነበር የምትለቅሚው» አለቻት።

«ትናንት እሷን እየዘለልኩ ነበር። ግን እትዬ፣ በሁሉም ላይ እሷን ነው የሚያየው። እሷን ሳወጣ እሱም አብሮ ይወጣል። ለብቻው ሲሆን ፊቱ የመታወቂያ ፊት ነው።»

«እኔ ያለሁበትንስ?»

«እርስዎም ይኑሩበት። ቅር ካላለዎት።»

ምራቴ ታናሿን ከጉልበቷ አውርዳ ወደ ታላቋ ገፋ አደረገቻት። «ሂጂ፣ የቱ የት እንደተነሳ ንገሪያት። እሷ አታውቀውም።» ትንሿም ሄዳ ክርኗን ታላቋ ጭን ላይ አድርጋ መለፍለፍ ጀመረች። እኔ አይኔ ከብዶኝ ግድግዳ ተደገፍኩ።

ሲያልቅ ላፕቶፑን ራሴ ለምራቴ ሰጠኋት። ከዚህ በኋላ ያንቺ ነው አልኳት። ሰኞ ጠጋኙ አጠበው፤ በሳምንቱ ምራቴ ማመልከቻ መጻፊያው በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ታላቋ ወደ ቴፒ ተመለሰች። ፍርድ ሰጥቼ ጨረስኩ ብዬ ማረፍ ነበረብኝ። አላረፍኩም። ያቺ ልጅ ያገኘችው የእህቷን ልጅነት ነው። እኩል ተገለበጠላት እንጂ እኩል አልሆነችም። ይህንን ለማን ይነግሩታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«እምዬ፣ አንድ ቪዲዮ አለ። አባዬ ቡና አልጋው አጠገብ ቆሟል፣ ደመና ነው፣ ትንሿ ወዲያ ወዲህ ትሮጣለች። የሆነ ነገር ይናገራል። በካፊ ኖኖ ነው መሰለኝ፣ አልሰማውም።»

እሷ አማርኛ ብቻ እየሰማች ነው ያደገችው። ካፊ ኖኖ የእናቴ ቋንቋ ነው። ልጄን በእሱ ነው ያሳደግሁት፣ እሱም ለእኔ እንጂ ለሌላ ሰው አይናገረውም ነበር።

«አሰሚኝ» አልኳት።

ስልኩን አስጠግታ ከፈተችው። መጀመሪያ ነፋስ፣ የትንሿ ሳቅ፣ ከዚያ ልጄ። ከሞተ በኋላ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወንበሩን ያዝኩ። የሚናገረው ለእኔ ነው። እኔ በካሜራው ውስጥ የለሁም፣ ግን እዚያው ነበርኩ፤ ቀኑን እንኳ አላስታውሰውም።

«ምን ይላል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«እምዬ? ስለ እኔ የሚለው አለ?»

ልዋሽ እችል ነበር። ምራቴ ቋንቋውን አታውቅም፣ ትንሿም አታውቅም፤ እኔ አለ ካልኩ አለ ነው። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የምትይዘው ነገር ይሆንላት ነበር። ግን ከአባቷ ያነሰ ደርሷታል፤ በዚያ ላይ የእኔን ፈጠራ የአባትሽ ነው ብዬ ላስይዛት አልችልም።

«የለም ልጄ» አልኳት። «ለእኔ ነው የሚናገረው። ዝናብ መጣ፣ ሸራውን እኔ እስበዋለሁ፣ አንቺ ወገብሽን ያምሻል፣ ተቀመጪ ነው የሚለኝ።»

የቴፒ መኪና ጥሩምባ በስልኩ ውስጥ ሲያልፍ ሰማሁ። የዘጋችው መሰለኝ።

«ተቀመጪ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለች።

«መጨረሻው ላይ።»

መልሳ ከፈተችው። እስከ መጨረሻው አስኬደችው።

«እንዴት ነው የሚባለው? ቀስ ብለሽ በይልኝ።»

ቀስ ብዬ አልኩላት። ከእኔ በኋላ ደገመችው፤ የቴፒ አፍ ነው፣ ቃሉ አፏ ውስጥ ተሰበረ።

«አይደለም» አልኳት። «እንደገና።»

እንደገና አለችው።

«አሁንም አይደለም። እሱን ስሚና በይው።»